የጋሼ ብስክሌት በአንድ ማርሽ

እሑድ 4

ጋሼ ዛሬ ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። ጠዋት ተቀምጦባት ሲወጣ እኔም ሚስቱም በረንዳ ላይ ሆነን አይተነዋል። ሰዓት ሳይሞላ በእግሩ መጣ።

"ጎማ ነው?" አልኩት።

"ጎማዋ ደህና ናት።" ግድግዳው ላይ አስደገፋትና ቀኝ እጁን ዘርግቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ የተዋሰውን ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው። "ዳገቱ ሥር ደረስኩና ማርሽ ልቀይር ስል እኚህ ሰውዬ እምቢ አሉኝ። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች።"

ሳቅሁ። ሚስቱ አልሳቀችም፤ ገብታ የሻይ ውሃ ጣደች።

ደብተር መያዝ ልማዴ አልነበረም። ዶክተሩ "የእጁን ለውጥ በየቀኑ ብትመዘግቡ ይጠቅመናል" ስላለ ነው የጀመርኩት። እንግዲህ ለመዝገቡ ያህል፤ ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። የሒሳብ አስተማሪ ነው። ጠመኔ ከእጁ እየወደቀ ስላስቸገረው ካለፈው ወር ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነው። ብስክሌቷ የወጣትነቱ ናት፤ የእሽቅድምድም፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ከፊት ሁለት ከኋላ ሰባት ጥርሳም ክብ ያላት። ማርሿ የሚቀየረው ዘንጓ ላይ ባሉ ሁለት ትንንሽ እጀታዎች ነው። አንድ እጅ ከመሪው ለቅቆ በጣት ገፋ ማድረግ ይጠይቃል።

ከሻይ በኋላ "ችግሩ ማርሹ ከሆነ ማርሹን እናውጣው" አልኩ። "አንድ ጥርሳም ክብ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። የሚቀየር ነገር አይኖርም። መርገጥ ብቻ።"

ጋሼ ብዙ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሚስቱን አየ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አለ።

ባለፈው ዓመት በር ላይ ቁልፉ ሦስት ጊዜ ከእጁ ሲወድቅ "እርጅና መጣ" ብዬ ስቄበታለሁ። ይህም ይመዝገብ።

ማክሰኞ 6

በምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ። የሚያስፈልገው፤ ባለ 13፣ 14፣ 15 ቁልፍ። ሰንሰለት መበጠሻ። ዘይት። አሮጌ ጨርቅ። ለነገ አራት ጥርስ አድርሺ ተብያለሁ፤ ሰሙን እንኳ አልቀረጽኩም። (ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሞቹ የሰዉን ድድ ልኬት ይልካሉ፣ እኔ ጥርሱን አወጣለሁ።)

ቅዳሜ 10

በረንዳው ላይ አሮጌ አንሶላ አነጠፍን፣ ብስክሌቷን ገልብጠን በኮርቻዋና በመሪዋ አቆምናት። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ እኔ እፈታለሁ። እሱ ያውቃል፣ እጁ እምቢ ይላል። የእኔ እጅ ይታዘዛል፣ ግን ምንም አያውቅም። ሁለታችን ተደምረን አንድ መካኒክ ወጣን።

"ወደ ግራ፣ ሚጣ። ወደ አንቺ ግራ አይደለም፣ ወደ ብሎኑ ግራ።"

"ብሎን ግራ አለው እንዴ?"

"ብሎን ሁሉ ግራ አለው። አንቺ ብቻ ነሽ ግራ የገባሽ።"

ሁለቱ እጀታዎች ወጡ። ሽቦዎቹ ወጡ። ከፊት ትንሹ ክብ ወጣ። ከኋላ ሰንሰለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ክንድ ወጣ። አንሶላው ሞላ። ከኋላ የተደራረቡት ሰባቱ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ዘይት ብናጠጣቸው፣ ብንቀጠቅጣቸው፣ ዛጉ ከብረቱ ጋር ተጋብቷል።

"ጥርስ መንቀል ያንቺ ሙያ አይደል?" አለ።

"እኔ እሠራለሁ እንጂ አልነቅልም። የሚነቅሉት ሐኪሞቹ ናቸው።"

"እንግዲያው ሐኪም ጋ ውሰጂያት።"

ሚስቱ ከፖስታ ቤት ስትመለስ በዕቃዎቹ መካከል እግሯን እያነሳች አለፈች። "የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ግጠሚልኝ ካልኩሽ ስንት ቀን ሆነ?" አለችኝ።

"በዚህ ሳምንት፣ እትዬ።"

ገብታ ስታበቃ ጋሼ "እሷ እውነት አላት" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ዘይቱን ክደኚው፣ ይደፋል" አለኝ።

ሰኞ 12

ከሥራ ስወጣ ጎማውን ይዤ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ሄድኩ። ሆዱ የወጣ፣ አንገት የሌለው ሰው ነው፤ ሰፈሩ "በርሜሉ" ይለዋል፣ እሱም በዚያው ይጠራበታል። የሰባቱን ክምር በማሰሪያ ብረት ጠፍሮ ያዘና ጎማውን እንደ መኪና መሪ ሲያዞረው ቀጭ አለና ተለያየ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

"ለማን ነው?"

"ለወንድሜ።"

"ለአስተማሪው? ባለፈው ሳምንት በዚህ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ግራ እግሩ ይጎተት ነበር።"

"ወለም ብሎት ነው።"

"እህቴ፣ ባለ አንድ ማርሽ የጉልበተኛ ነው። ማርሽ ማለት እኮ የደከመ ሰው ምርኩዝ ነው። ከደከመ ሰው ላይ ምርኩዝ ይቀማል?"

ሰዉ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ባለ አሥራ ስድስትና ባለ አሥራ ስምንት ጥርስ ሁለት ክቦች አውሰኝና የሚሆነውን እንይ ብዬው ሄድኩ። ወለም ብሎት ነው ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ረቡዕ 14

ጋሼ ሻይ በሁለት እጅ። ሚስቱ እስከ ግማሽ ትቀዳለታለች። መያዣውን ብረት ገዝቻለሁ። መሰርሰሪያ ከሥራ ቦታ እዋሳለሁ። ቅዳሜ።

እሑድ 18

መሰርሰሪያው ሌላ ሰው ጋ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት።

ዛሬ የጥርስ ሒሳብ ሠራን። ጋሼ እርሳስ መያዝ ስለማይችል እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ልክ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ እሱ ያስጠናኝ እንደነበረው፤ ያኔም ቁጥር ሲጠፋኝ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታ ነበር። ዛሬ በአንጓው ነው የመታው።

"የፊቱ አርባ ሁለት ጥርስ። ከኋላ አሥራ ስድስት ካደረግን?"

"ሁለት ተኩል... ትንሽ ከፍ ይላል።"

"ትንሽ ከፍ ይላል የሚባል ቁጥር የለም። አሥራ ስምንት ካደረግንስ?"

"ሁለት ከሲሶ።"

"ስለዚህ አንዴ ሙሉ ስትረግጪ ጎማው ሁለቴ ከሲሶ ይዞራል። ለዳገት ይሻላል፣ ሜዳ ላይ ግን እግር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሮጣል።"

እኔ አሥራ ስምንት ይሻላል ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንደሚከራከረኝ ገምቼ። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ቀላሉን መርጦ አያውቅም። "አሥራ ስምንት አድርጊው" አለ፣ ቶሎ፣ እንደ ማንኛውም ነገር። ባሸንፍም ደስ አላለኝም። ከማን ጋር ተሟግቼ እንዳሸነፍኩም አላውቅም።

ሐሙስ 22

ሐኪም ቤት ሦስታችንም። ኮሪደሩ አረንጓዴ ቀለም፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ የተቆለፉ። ክብደት፤ በአራት ኪሎ ቀንሷል። በቱቦ ንፋ አሉት፣ ነፋ፤ ቁጥሩ ከባለፈው ያነሰ ነው። ዶክተሩ በትንሽ መዶሻ ጉልበቱን መታ፣ ምላሱን አስወጥቶ ብዙ ጊዜ አየ።

ከዚያ እኔንና ሚስቱን ለብቻ ጠራን። ብዙ ተናገረ። ስለ አልጋ አነሳ፣ ከፍ ዝቅ ስለሚል አልጋ። ለምን እንዳነሳ አልገባኝም፤ ጋሼ አልጋ አለው። ስለ ምግብ አነሳ፣ ወፈር ተደርጎ ቢሰጠው አለ። ስለ ወራት አነሳ።

"ብስክሌት መንዳት ይጠቅመዋል ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ። "የሚወደውን ነገር እንዲያደርግ እርዱት፣ እመቤቴ" አለኝ።

ፈቀደ ማለት ነው። ሚስቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች። ውሃው ሲፈስ ጋሼና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። "ምን አላችሁ?" አለኝ። "የምትወደውን እንድታደርግ" አልኩት። "ጎበዝ ሐኪም ነው" አለ።

እሑድ 25

ሚስቱ ማዕድ ቤት ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ማዳመጤ አልነበረም፤ ጨርቅ ልወስድ ገብቼ ነው። "እሱ የት ይነዳዋል፣ የኔ እናት" ትላለች። "ለእሷ ብሎ ነው ወንበር ላይ የሚውለው። እጇን ሥራ ካላስያዝኩላት ትፈርሳለች ይላል። እኔስ? እኔን ማን ሥራ ያስይዘኝ?"

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ይናገራል።

እሑድ 2

አዲስ ወር። የጋሼ ምላስ ከብዷል። የቃሉን መጀመሪያ ይውጠዋል፣ መጨረሻውን ነው የሚሰጠን። ዛሬ የኋላውን ጎማ ስገጥም "አታጥብቂው" ሲለኝ "አጥብቂው" ብዬ ሰማሁና ብሎኑን በጠስኩት። ሁለታችንም ሳቅን። የእሱ ሳቅ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፣ ሚስቱ ሮጣ መጥታ ወደ ፊት ጎንበስ አደረገችው። ጀርባውን የምትይዝበት ሁኔታ ስንት ጊዜ እንዳደረገችው ያስታውቃል።

ሌላ ችግር፤ የፊትና የኋላው ክብ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። አራት ሚሊሜትር ይለያያሉ። ሰንሰለቱ አግድም እየተሳበ ያኝካል። አንድ ቀለበት መሃል ቢገባ ይስተካከላል። ቀለበት ደግሞ እኔ እሠራለሁ።

መያዣው ብረት ገና ከነወረቀቱ ነው። መሰርሰሪያው ተመልሷል፣ እኔ ረሳሁት።

ማክሰኞ 4

ቀለበቱ ወጣ። ለጥርስ በምንጠቀምበት ብረት፣ በጥርስ መሞረጃ። አራት ሚሊሜትር፣ ፀጉር ታህል ስሕተት የለውም። አለቃዬ ከጀርባዬ መጥቶ "ይሄ የማን ነው?" አለ። "የወንድሜ።" "ስንት ጥርስ?" "አሥራ ስምንት።" ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ቅዳሜ 8

ሰንሰለቱን አሳጥረን ገጠምነው። ጎማውን ወደ ኋላ ስቤ ሰንሰለቱ እስኪወጠር፣ ከዚያ ማሰር። ሲያሽከረክሩት ድምፅ የለውም። ጋሼ ጆሮውን ሰጥቶ ብዙ አዳመጠ። "ዝም አለች" አለ። ያቺ የሽቦና የክንድ ግሳንግስ ሁሉ ወልቆላት ብስክሌቷ እርቃኗን የቀረች ትመስላለች፤ ታምራለች።

ከዚያ ፍሬኑን ሞክር አልኩት። ቀኝ እጁ እንኳን ሊጨብጥ መሪውም ላይ አልቆም አለ። ግራው ጨበጠ፣ ግን ሽቦውን አልሳበውም።

"ችግር የለም። የሁለቱንም ፍሬን ወደ ግራ አመጣዋለሁ፣ ሽቦውንም ለስላሳ እገዛለሁ።"

"ሚጣ።"

"አቤት።"

"ግራውም ይሄዳል እኮ።"

"ለስላሳ ሽቦ አለ" አልኩት። "በርሜሉ ጋ አይቻለሁ።"

ረቡዕ 12

ወድቋል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ጠዋት ሚስቱ ብቻዋን አነሳችው፤ ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባታል። ግንባሩ ላይ እብጠት። ስልክ ደወለችልኝ፣ አላነሳሁም፤ ለሽቦው በርሜሉ ጋ ነበርኩ።

ማታ ሄጄ ብረቱን ገጠምኩ። ስሰረስር ከወለሉ ላይ ብናኙን ጠረገች።

እሑድ 16

ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ብስክሌቷ አለቀች። ሚስቱ ወደ እህቷ ሄዳ ነበር፣ ከአሥር ቀን በኋላ ገና ዛሬ መውጣቷ ነው፤ "ሁለት ሰዓት ብቻ፣ አደራ" ብላኝ። እንደወጣች ጋሼ "አስቀምጪኝ" አለ።

ከቤቱ ደጃፍ እስከ ቅያሱ ድረስ መንገዱ በጣም በትንሹ ይዘቀዝቃል፣ አስፋልቱም ለስላሳ ነው። ግራ እግሩን በእጄ አንስቼ አሻገርኩለት። እጆቹን መሪው ላይ አስቀመጥኩለት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩለት። ቀላል ነበር። ጋሼን ተሸክሜ አላውቅም ነበር፣ እሱ ነበር እኔን የሚሸከመኝ፤ ክብደቱ ግን እንደ ኮት ነው።

ኮርቻውን ከኋላ ይዤ ገፋሁት። እግሩ ፔዳሉ ላይ ዞረ። ፔዳሉ እግሩን አዞረው ወይስ እግሩ ፔዳሉን፣ አላውቅም። አንድ በር አለፍን፣ ሁለት በር አለፍን። እየሮጥኩ ነበር። ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር፣ እንደ ድሮው ጎንበስ አላለም፣ ግን ይሄዳል። ሰንሰለቱ ምንም ድምፅ የለውም። አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ኮርቻው ከእጄ አመለጠ።

ቅያሱ ላይ ያለው የብረት አጥር ላይ ነው የቆመው።

ከአንገቱ ሥር ያለው የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። አምቡላንስ። ሚስቱ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የእህቷን ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነበር።

ሰኞ 17

ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ። ኦክስጅን። አንዱን ጥርስ ዛሬ ሁለቴ አበላሸሁት።

ማክሰኞ 18

እሑድ ዕለት "አመለጠ" ብዬ ጽፌያለሁ። አላመለጠም። ለቀቅኩት።

የተናገረው ቃል "ልቀቂኝ" ነው። እንዲያ ነው የሰማሁት። ነገር ግን የቃሉን መጀመሪያ እንደሚውጥ አውቃለሁ፤ ራሴው ጽፌዋለሁ። "አትልቀቂኝ" ብሎ ሊሆን ይችላል። የተበጠሰው ብሎን እንኳ አላስተማረኝም። የሰማሁት መስማት የፈለግሁትን ነው። በራሱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ለአንድ አፍታ፣ ጀርባውን እያየሁ፣ ሁሉም ሰው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር፤ ዶክተሩም፣ በርሜሉም።

አርብ 21

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ፣ በለሆሳስ፣ ሳትቆጣ፦ "ለጊዜው አትምጪ። አንቺን ሳይ የማልፈልገውን ነገር እናገራለሁ። ብስክሌቷንም ከቤቴ አውጪልኝ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ብስክሌቷ የታጠፈባት ነገር የለም። መሪዋ ላይ ጭረት ብቻ። እየገፋሁ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። አንድ ሰዓት ይወስዳል። እኔ ብስክሌት አልነዳም፤ በልጅነቴ ሊያስተምረኝ ሲሞክር ሁለቴ ወድቄ ሦስተኛ እምቢ ብያለሁ።

እሑድ 30

አልሄድኩም። አልደወለችም።

ቅዳሜ 6

ምንም። ሥራ። ሰም፣ ልኬት፣ ድድ። የማላውቃቸው ሰዎች በእኔ ጥርስ ይበላሉ።

ማክሰኞ 9

ደወለች። "ወደ ቤት አምጥተነዋል። ብቻዬን ማገላበጥ አልቻልኩም፣ ወገቤ ተቆረጠ። ነይ።" ሌላ ቃል የለም። ሄድኩ።

አልጋው ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ነው። መኝታ ቤቱ አይበቃውም ብለው ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አድርገውታል። ጋሼ አንገቱ ቀጥኖ ትራሱ ውስጥ ሰምጧል። ሲያየኝ ዓይኑ ሳቀ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚስቀው አሁን።

እትዬ አሳየችኝ፤ አንሶላውን በሁለት ወገን ይዞ፣ እስከ ሦስት ቆጥሮ፣ አብሮ መሳብ። ቆጠርን፣ ሳብን። ሁለታችንም እኩል ነው የምንስበው። አንዷ ከፈጠነች ያማዋል።

ሐሙስ 11

ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል፤ ጆሮን አፉ ላይ ማስጠጋት ነው።

"ብስክሌቷስ?" አለ።

ምን እንደምል ሳላስብ "እየነዳኋት ነው" አልኩት።

ቅንድቡን አነሳ።

"ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ። ለምጃለሁ።"

"ዳገቱን?"

"ዳገቱን እየገፋሁ ነው የምወጣው።"

"አሥራ ስምንት ጥርስ ብናደርጋትም" አለ፣ እያረፈ፣ ቃሉን በሦስት ትንፋሽ ከፋፍሎ። ከዚያ፦ "ንገሪኝ።"

ምን ልንገረው? ከአውቶቡስ መስኮት የማየውን መንገድ ቀባጠርኩለት። መንገዱን እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ ጠየቀኝ፣ አላውቅም ነበር።

አርብ 12

ዛሬ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ወጥቼ ብስክሌቷን እየገፋሁ ወደ ሥራ ሄድኩ። በባቡር ሐዲዱ ጎን፣ በመጋዘኖቹ ግድግዳ፣ በድልድዩ። ሰው ያየኛል፤ ብስክሌት ይዛ በእግሯ የምትሄድ ሴት። አንዱ "ጎማው ነው?" አለኝ። ጉድጓዱ ከድልድዩ በፊት ነው፣ በቀኝ።

ከሥራ ወጥቼ ነገርኩት። "በቀኝ" ስለው ዓይኑን ጨፈነ፤ አዎ ማለት ነው።

ረቡዕ 17

ሹክሹክታውም ሄደ። እትዬ የሕፃናት ፊደል ገበታ ገዝታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። በእርሳስ ከላይ ወደ ታች፣ ከሀ ጀምራ ትወርዳለች፤ ጋሼ የፈለገው መስመር ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ወደ ጎን፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። እንደገና ይጨፍናል። አንዱ ቃል እስኪያልቅ ሻይ ይበርዳል። ዓይን አንዴ መጨፈን አዎ፣ ሁለቴ አይደለም።

ትናንት ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ልቀቂኝ ነው ያልከኝ፣ አትልቀቂኝ ነው?"

አንዴ ጨፈነ።

አዎ። ለየትኛው አዎ? ጥያቄውን አበላሽቼ ነው የጠየቅኩት፤ ለሁለት ጥያቄ አንድ መልስ የለም፣ የሒሳብ አስተማሪ እህት ሆኜ። ለይቼ እንደገና ልጠይቀው እችል ነበር። ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም፣ እየጠበቀኝ ነበር። እኔ ትራሱን አስተካከልኩ።

ቅዳሜ 20

ዶክተሩ ቤት ድረስ መጣ። ብዙ አልቆየም። ለእትዬ የመርፌ ማስታገሻውን አሳያት። በር ላይ "በርቱ" አለን።

እሑድ 21

ከሰዓት። ሥራ ስለሌለ ጠዋት መንገዱን በሙሉ ሄጄዋለሁ፤ እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ ከዚያ በወዲያኛው በኩል እስከ ታች። ሦስት ሰዓት ወሰደብኝ። ስገባ ጋሼ ነቅቶ ነበር። ትንፋሹ ይንኮራኮራል። እትዬ አልጋው ግርጌ ተቀምጣ እግሩን በቅባት ታሻለች።

"ዛሬ ዳገቱን ሞከርኩት" ብዬ ጀመርኩ። "እስከ ግማሹ ረግጬ ወጣሁ፣ ጋሼ።"

ዓይኑ ከፊቴ ወረደ። እግሬ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ገበታው ዞረ።

እትዬ እርሳሱን አነሳች። መስመር በመስመር ወረደች። ሱ። ሪ። ሽ። ትንሽ አረፈ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅነው። ን። ጹ። ህ።

"ሱሪሽ ንጹህ?" አለች እትዬ። "ምን ማለቱ ነው? ሱሪሽን ወደደው እንዴ?"

እኔ ገብቶኛል። መሸፈኛ የሌለው ሰንሰለት ያላት ብስክሌት የነዳ ሰው፣ የቀኝ እግር ሱሪው ጫፍ ላይ የሰንሰለት ዘይት አይጠፋም። የጋሼ ሱሪዎች ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። እኔ ደግሞ ብስክሌቷን ሁልጊዜ የምገፋት በግራዋ በኩል ነው፤ ሰንሰለቱ በወዲያኛው ጎን ነው። በዚህ ሁሉ ቀን አንዴም እግሬን ነክቶኝ አያውቅም። ሱሪዬ እንደታጠበ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ..." አልኩ።

ዓይኑን ከገበታው አልነቀለም። እትዬ እንደገና ጀመረች። ቀ። ጥ። ይ።

"ቀጥይ ይልሻል" አለች።

ስለዚህ ቀጠልኩ። እርጥብ አስፋልት ነበር አልኩት። መጋዘኖቹ ጋ ነፋሱ ከፊት መጣብኝ፣ ጎንበስ አልኩ። ከድልድዩ በፊት ጉድጓዱን በግራ አለፍኩት። ዳገቱን ረገጥኩ፣ ጉልበቴ ተቃጠለ፣ አንድ ማርሽ ስለሆነ የሚቀየር ነገር አልነበረም፣ ከኮርቻው ተነሥቼ ቆሜ ረገጥኩ። በሦስት ቦታ ልወርድ ነበር፣ አልወረድኩም። ጫፉ ላይ ስደርስ ከተማው በሙሉ ከታች ነበር፣ ጣራዎቹ ከዝናቡ በኋላ ያበራሉ። ይህኛው እውነት ነው፤ ጣራዎቹን አይቻቸዋለሁ።

እትዬ እጇን ከእግሩ ላይ ሳታነሳ በዝግታ "ተኝቷል" አለችኝ።

አላቆምኩም። ቁልቁለቱ ገና ይቀር ነበር። እግሬን ከመርገጥ አሳርፌ ለቀቅኳት አልኩ፣ በራሷ ወረደች፣ ዛፎቹ በሁለቱም በኩል አለፉ። እትዬ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች፣ ዘጋችው፣ ተመልሳ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የምለው አልቆብኝ ስለነበር ያንኑ ዳገት እንደገና ከታች ጀመርኩ።

ሐሙስ 25

ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ። አብረን ነበርን፣ እኔና እትዬ። አንሶላውን በሁለት ወገን ይዘን እስከ ሦስት ልንቆጥር ነበር። ሁለት ላይ እሷ መቁጠሯን አቆመች፤ ትንፋሹ አይሰማም ነበር።